አንዱን በካቴና፣ ሌላውን በከረባት

አንድ ጸሐፊ በቅርቡ ባወጣው ጽሑፍ ታዋቂ ሰዎች ሲከሰሱ ሚዲያው አንዱን በካቴና፣ ሌላውን በከረባት ፎቶ ያወጣል ማለቱ ልክ ነው። ትልቁ በደል ግን ከፎቶው በኋላ ነው የሚመጣው። ዓቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ ችሎቱ ብይን ይሰጣል፤ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 141 በነጻ ያሰናብታል፣ አለዚያም በአንቀጽ 142 «ይከላከል» ይላል። ይከላከል የተባለ ሰው ገና አልተፈረደበትም፤ የራሱን ምስክር የሚያቀርብበት ተራ ነው የደረሰው። ሚዲያዎቹ የማይወዱት ሰው ከሆነ ግን «ጥፋተኛ ተባለ» ብለው ይለጥፉታል። ለወዳጃቸው ሲሆን ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) ትዝ ይላቸዋል።

«ምላሻቸውን ለማካተት ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» የምትባለዋም የዜና ሐረግ አለች። ብዙ ጊዜ አንድ ያልተነሳ ስልክ ናት! ውንጀላውን በዝርዝር ጽፎ መላክ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን መስጠት፣ የተላከበትን ሰዓት መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል። እዚህ ሐዋሳ የፖሊስን መግለጫ እንዳለ ገልብጦ የሚለጥፍ ገጽ ይህን መቼ ሊያደርግ ነው? ሰውየው በነጻ ሲሰናበት ደግሞ ዜናው ይጠፋል፤ ቢገኝም ከታች ሁለት መስመር ነው። የክሱ ዜና በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን መውጣት ነበረበት።