ለደብረ ብርሃን ልጆች፦ ፎቶ ተነስቶ መበተን ዘመቻ አይደለም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስለምወዳችሁ ነው፤ ጥፋቱም የጋራችን ነው።

የበሬሳን ወንዝ ልናጸዳ የወጣን ቀን ትዝ ይላችኋል? ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ እኛ ግን ጓንት አጥልቀን ወንዙ ዳር ወርደን ላስቲኩን፣ የተቀደደ ጫማውን፣ የውሃ ጠርሙሱን በማዳበሪያ ሞላን። ፎቶ ተነሳን። ወደየቤታችን ገባን። በሁለተኛው ሳምንት በድልድዩ ሳልፍ ቦታው እንደነበረው ሆኖ ጠበቀኝ። አንዲት እናት ጆንያ ሙሉ ቆሻሻ ሲደፉ አገኘኋቸውና "እማማ፣ ምነው?" አልኳቸው። "የት ልጣለው ልጄ? መኪናው ሰፈራችን ከመጣ ወር አለፈው" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ያን ሁሉ ሰው ስንጠራ፣ ቆሻሻው ለምን እዚያ እንደሚጣል አንዳችንም አልጠየቅንም!

ምን ነክቶን ነው? እኛ እኮ የጓሳ አገር ሰዎች ነን። መንዝ ላይ አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን፣ ያን ሰፊ የሣር ምድር፣ የጠበቁት በሆይ ሆይታ አይደለም። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም፤ የሚከፈትበትን ቀን የሚቆርጥ ሰው ነበር፣ ጠባቂው ይታወቅ ነበር፣ ደንብ የጣሰም ይቀጣ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም ሕዝቡ ጥበቃውን መልሶ ያዘው፤ ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያ አለ።

እኛስ? ቢሮ ስንሄድ አንዱ ስለ መብራት፣ አንዱ ስለ መንገድ፣ አንዱ ስለ ውሃ ይጮኻል። ኃላፊው "እናየዋለን" ይላል፣ እኛም አመስግነን እንወጣለን። የጻፈ የለም። ማታ ፌስቡክ ላይ ስድብ። ተዉ እንጂ!

አሁን ጥያቄያችን አንድ ይሁን፦ የቆሻሻ መኪናው በታወቀ ቀንና ሰዓት ይምጣ። ወሳኙ ማን እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩ፤ ማዘጋጃ ቤት የሚወስነውን ቀበሌ ሄዳችሁ አትለምኑ። መኪናው የቀረባቸውን ቀናት በየሰፈሩ በደብተር መዝግቡ፣ ይህን ደግሞ ከእናቶች የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ በዕድር ቀን አነጋግሯቸው። ከዚያ አቤቱታውን ጽፋችሁ አስፈርሙ። አትፍሩ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 መብቱን ይሰጣችኋል። ስታስገቡም ቅጂው ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር ሳታስደርጉ ከመዝገብ ቤት እንዳትወጡ።