ለሰዋሰው ብቻ ነው

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሳይመንቱን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚያሠራ ሰው የለም። ካላመናችሁ ጠይቁ። ተማሪው «እኔ? ለሰዋሰው ብቻ ነው» ይላችኋል። መምህሩ «ስላይዱን ትንሽ ለማስተካከል ያህል ነው» ይላሉ። ዲኑ ጨርሶ ነክተውት አያውቁም። የሚጠቀመው ረዳታቸው ነው፤ እሱም ለሰዋሰው። ቻትጂፒቲ የሚባለው፣ የጠየቁትን የሚጽፍ ኤአይ በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን ቁጠሩልኝ) የሰው ልጅ ለሰዋሰው እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም።

ችግሩ ሰዋሰው የሚባለው ነገር ድንበሩን እያሰፋ መምጣቱ ነው። መጀመሪያ ነጠላ ሰረዝ ነበር። ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር ሆነ። አሁን የጥናቱ ዓላማ፣ ግኝቱ፣ ማጠቃለያው ሳይቀር ሰዋሰው ሆኗል። ምስጋናው እንኳ አልተረፈም። «ለውድ ወላጆቼ፣ ላልተቋረጠ ድጋፋቸው» የሚለውን የጻፈው ማሽኑ ነው። ወላጆቹን አያውቃቸውም፤ ግን ከልጃቸው አስበልጦ አመስግኗቸዋል።

የግሩፕ ሥራማ ተገላገለ። ድሮ ከአምስቱ አንዷ ትሠራለች፣ አራቱ «ስሜን አስገቢልኝ» ይላሉ። ዛሬ አምስቱም ስማቸውን ያስገባሉ። ስሙ የማይገባው የሠራው ብቻ ነው።

ጉዱ የሚፈላው ፕሬዘንቴሽን ቀን ነው።

«እስቲ ገጽ ሦስት ላይ ‹ዘርፈ ብዙ መስተጋብር› ያልከውን አብራራልን።»

«እሱ ቲቸር... ዘርፉ ብዙ ሆኖ... መስተጋብር ያለው ማለት ነው።»

«በምንና በምን መካከል?»

«በዘርፎቹ።»

ልጁ አልዋሸም። ጽሑፉን ከመምህሩ እኩል ዛሬ ነው ያየው።

ሪፈረንሱ ደግሞ የባሰ ነው። ማሽኑ ተንኮለኛ ሆኖ አይደለም። የተሠራው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል ለመገመት ነው። ሪፈረንስ ምን እንደሚመስል ጠንቅቆ ያውቃል፦ ስም፣ ዓመት፣ መጽሔት፣ ቅጽ፣ ገጽ። ጽሑፉ በእውን መኖር አለመኖሩ ሌላ ጣጣ ነው። በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ ጭራሽ የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ለዳኛ አቀረቡና 5,000 ዶላር ተቀጡ። አንደኛው ጠበቃ ውሳኔዎቹ እውነት መሆናቸውን አጣርቶም ነበር። ያጣራው ማሽኑን ራሱን ጠይቆ ነው። ማሽኑም «አዎ፣ እውነት ናቸው» አለው። የተማረ ሰው ይህን ካደረገ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሌሊት ላይ ምን ያድርግ?

መምህራኑም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በኤአይ የተጻፈን ጽሑፍ የሚለይ ሶፍትዌር መጣ። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በጃንዋሪ 2023 አንድ አወጣ። በራሱ በድርጅቱ ሙከራ ማሽን ከጻፈው ውስጥ 26 በመቶውን ብቻ ለየ። ሰው ከጻፈው ደግሞ 9 በመቶውን «የማሽን ነው» ብሎ ወነጀለ። በጁላይ ወር በጸጥታ አነሱት። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት እንዲህ ያሉ መለያዎችን ፈተኑ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ተፈታኞች ለቶፍል (ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) የጻፏቸውን ድርሰቶች፣ በአማካይ ከግማሽ በላዩን የማሽን ሥራ ናቸው አሉ። በሌላ ሰው ቋንቋ በቀላል ቃላት በጥንቃቄ ከጻፍክ ተጠርጣሪ ነህ ማለት ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ምን ያደርጋል? በገዛ እጁ የጻፈውን ወስዶ ለማሽን ይሰጥና «እባክህ የሰው አስመስልልኝ» ይላል። ከዚህ በላይ ምን እንደምጨምር አላውቅም።

ሁሉን በተማሪ ላይ መደፍደፍ ግን ነውር ነው። በ2025 የአሜሪካው የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመምህሯን ማስተማሪያ ጽሑፍ ስታነብ፣ መሃል ላይ ለቻትጂፒቲ የተሰጠ ትእዛዝ ተረስቶ አገኘች። የኮርሱ መመሪያ ተማሪው ሳያስፈቅድ ኤአይ እንዳይነካ ይከለክላል። ከ8,000 ዶላር በላይ የሆነውን የኮርሱን ክፍያ መልሱልኝ አለች። አልመለሱላትም።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሌላው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ የቫንደርቢልት ነው። በፌብሩዋሪ 2023 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተኩስ ተከፍቶ ተማሪዎች ሞቱ። የቫንደርቢልት አንድ ቢሮ ለተማሪዎቹ የማጽናኛ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ስለ መተሳሰብና አብሮ ስለመቆም ያወራል። ከግርጌው ላይ በቻትጂፒቲ እንደተዘጋጀ ተጽፏል። እንግዲህ ምንጭ መጥቀስ ካላችሁ በሥርዓቱ ጠቅሰዋል፤ ስንቱ ተማሪ ይህን እንኳ አያደርግም። ተማሪዎቹ ግን ተቆጡ፣ ቢሮውም ይቅርታ ጠየቀ። ሐዘን በውክልና አይደረስማ!

አሁን በየዩኒቨርሲቲው «ኃላፊነት የተሞላበት አጠቃቀም» የሚል ደንብ እየወጣ ነው። ብዙዎቹ «በፍጥነት እየተለወጠ ባለው ዓለማችን» ብለው ይጀምራሉ። ማን እንደጻፋቸው አልጠይቅም። ለሰዋሰው ይሆናል።

አትንኩት ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ያልገባህን ነገር አሥር ጊዜ ብትጠይቀው የማይሰለች፣ «ትናንት ክፍል የት ነበርክ?» የማይል አስረጂ ቀላል ነገር አይደለም። ራስህ ጽፈህ ስታበቃ «ክርክሬ የቱ ጋ ነው የሚላላው?» ብትለው ደግሞ ከጓደኛህ የተሻለ ይጨክንብሃል። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። የጥናት ተሳታፊዎች «ምሥጢራችሁ ይጠበቃል» ተብለው፣ ፈርመው የሰጡት ቃለ መጠይቅ ከነስማቸው ተገልብጦ «አሳጥርልኝ» ተብሎ ማሽኑ ላይ ይለጠፋል። የተማሪን ስምና ውጤት ከነምናምኑ የሚለጥፍ መምህርም አለ። ይሄ ሰዋሰው አይደለም።

ደግነቱ አንዳንድ መምህራን ገና ከመጀመሪያው ቀን ይህን ትችላላችሁ፣ ይህን አትችሉም ብለው ለይተው ይጽፋሉ። እዚያም ቢሆን ሥራው አያልቅም።

«ቲቸር፣ በዚህ ኮርስ ኤአይ መጠቀም ይፈቀዳል አይደል?»

«ሲላበሱ ላይ በግልጽ ጽፌዋለሁ። አላነበብከውም እንዴ?»

«ረዘመብኝና በኤአይ አሳጠርኩት።»

«እና ምን አለህ?»

«ይፈቀዳል አለኝ።»