በግማሽ ቀን አይዳረስም

ስለ ኖርዌይ ጉዞ ያነበብኩት ጽሑፍ ከበርገን ከተማ ተነስቶ የፍሎምን መንደር፣ ኔሮይፊዮርድን (በተራሮች መካከል የገባ ጠባብ የባሕር ክንድ ነው) እና የስቴጋስታይንን የመመልከቻ ሰገነት በግማሽ ቀን ማየት ይቻላል ይላል። ሰዓቱን ቁጠሩት እስቲ፦ ከበርገን ሚርዳል ጣቢያ በባቡር ከ2 ሰዓት በላይ፣ ከሚርዳል ፍሎም በሌላ ባቡር 1 ሰዓት ገደማ፣ ከፍሎም በኔሮይፊዮርድ በኩል ጉድቫንገን መንደር በጀልባ 2 ሰዓት። መጠበቂያው ሳይታሰብ 5 ሰዓት አለፈ፤ ስቴጋስታይን ገና ነው። ፍሎም ወይም አጠገቡ ያለው አውርላንድ ማደር ግድ ነው።

የፍሎም ባቡር መስመር 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም ከባሕሩ ጠርዝ እስከ 866 ሜትር ከፍታ ስለሚወጣ ያዘግማል። 20 ዋሻ አለው፤ ካሜራ ደቅኖ መስኮት ላይ ከመለጠፍ ሾስፎሰን ፏፏቴ ጋ ሲቆም መውረድ ይሻላል። ቆይታው ደቂቃዎች ናቸው፣ ውሃውም ይረጫልና ካሜራው ይሸፈን።

ኔሮይፊዮርድ የዓለም ቅርስ የሆነው በ2005 ነው (በፈረንጆቹ)። በጣም የሚጠብበት ቦታ 250 ሜትር ያህል ስለሆነ ከጀልባው ክፍል ወጥቶ ደጅ መቆም ይገባል፤ በሐምሌም ቢሆን ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ያዙ።

ጽሑፉ ጨርሶ የዘለለው መንገዱን ነው። ከአውርላንድ ወደ ስቴጋስታይን የሚወጣው አስፋልት ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ትልቅ መኪና የተከራየ ሰው ከአውቶቡስ ጋር ፊት ለፊት ሲገጥም ወደ ኋላ መንዳት ሊኖርበት ይችላል፤ ይህን ካልቻላችሁ በአውቶቡስ ውጡ። ከሰገነቱ አልፎ በተራራው ላይ ወደ ላርዳል የሚሄደው መንገድ ደግሞ በበረዶው ወራት ይዘጋል። ያኔ መተላለፊያው 24.5 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የላርዳል ዋሻ ነው።