ልጅ ያቦካው

የጎንደር ወላጆች፣ ዛሬ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ጠንከር ያለ ቃል ቢያመልጠኝ አትቀየሙኝ፤ እኔም ከእናንተው አንዱ ነኝ።

ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ላይ የአራት ዓመት ልጆች ያጋጥሙኛል። ቦርሳው ጀርባቸውን ውጦታል። ምሳ ዕቃ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! አምስት ስድስት ደብተር ነው። ማታ ደግሞ ያው ልጅ እያንጎላጀ አንድ ገጽ ሙሉ "ለ" ይጽፋል። እናቱ እጁን ይዛ ትጎትትለታለች። ይሄ የእኔም ቤት ነበር።

ልጄን አፀደ ህፃናት ባስገባሁ ዓመት አንድ ቀን ልብሱ ርሶ መጣ። ለካ መምህርቷ ልጆቹን ግቢ አውጥታ ውሃ ከጣሳ ወደ ጠርሙስ ስታስገለብጣቸው ነው የዋለችው። በማግስቱ ሄጄ፣ "የምንከፍለው ለጨዋታ ነው እንዴ?" አልኳት። ሌሎች ወላጆችም ደገፉኝ። በሳምንቱ ውሃው ቀረ፤ ደብተር መጣ። ይህን ሳስታውስ አፍራለሁ።

እስቲ ምን ስታስተምር እንደነበር ልንገራችሁ። ጣሳ ውስጥ ያለውን ውሃ በቀጭን ረጅም ጠርሙስ ገልብጣችሁ ለአራት ዓመት ልጅ አሳዩት። "አሁን በዛ" ይላችኋል። አሥር ጠጠር ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ ደርድሩለት፤ ከዚያ እያየ ራቅ ራቅ አድርጉት። አሁንም "በዛ" ይላል። ዣን ፒያዤ የተባለው የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ይህን ልጆችን እየጠየቀ አሳይቷል። ልጁ እስከ አሥር ይቆጥር ይሆናል። አሥር ምን እንደሆነ ግን ገና አልገባውም። የሚገባው ራሱ ሲገለብጥ፣ ሲደፋ፣ መልሶ ሲሞክር ነው። ቁጥሩን መቶ ጊዜ ብታስጽፉት ያንን አያገኝም።

እጁም እንዲሁ ነው። የጣቱ ጡንቻ ገና አልጠናም። ጭቃ ሲያቦካ፣ ዶቃ ሲሰካ፣ ጠጠር ወርውሮ ሲቀልብ ነው ነገ እርሳስ የሚይዝበት ጉልበት የሚመጣለት። ለሸክላ አፈር ደግሞ ሩቅ አንሄድም፤ ወለቃ ደጃችን ነው። ሰኞ ማክሰኞ ሲዘል ተራ መጠበቅ ይለምዳል። እቃ እቃ ሲጫወትና "አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ ነጋዴ ልሁን" ሲል የሚያወራውን ቆማችሁ ስሙት። ያን ያህል ቃል በየትኛው ደብተር ይጽፋል?

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" እንላለን። አዎ፣ አይበቃም። ልጁስ መች ለእራት ብሎ አቦካው?

ስሙን እንኳ እዩት፤ አፀደ ህፃናት። አፀድ ምን እንደሆነ ለጎንደር ሰው አይነገርም። ቁስቋም ስትሳለሙ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትሄዱ በጥላው የምታልፉበት ዛፍ ነው። ፍሪድሪክ ፍሮብል የሚባል ጀርመናዊ መምህርም ለትንንሽ ልጆች የከፈተውን ቤት በፈረንጆቹ 1840 "የልጆች የአትክልት ቦታ" ብሎ ሰየመው። ያዘጋጀላቸውም ኳስና የእንጨት ቁራጭ ነበር። "ኬጂ" የምንለው የዚያው ስም ምህጻር ነው። እኛ ስሙን ወስደን ግቢውን ሲሚንቶ አለበስነው።

"እኛ የኔታ ዘንድ በአርጩሜ ተምረን ሰው ሆነናል" የምትሉ አላችሁ። የኔታን አከብራለሁ። ግን አስታውሱ፤ ፊደሉ በዜማ ነበር። ከፊደል ስንለቀቅ ደግሞ አንገረብ እንዋኛለን፣ ገና እንጫወታለን፣ ኩኩሉ ስንል ይመሻል። የዛሬ ልጅ ያ ቀሪው ቀን የለውም። ከክፍል ወጥቶ የሚገባው ስልክ ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ካልተጫወተ የትም አይጫወትም።

እናንተ የትምህርት ቤት ባለቤቶችም፣ መጫወቻ የተደረደረበትን የመማሪያ ማዕዘን ለጎብኚ ብቻ አትክፈቱት። የተቆለፈበት አሻንጉሊት ማንንም አያስተምርም። የአራት ዓመት ልጅ "ስንተኛ ወጣ?" የሚለው ጥያቄም ይብቃን።

ሰኞ ልጃችሁን ስታደርሱ በፌስታል ቆርኪ፣ ባዶ ካርቶን፣ የታጠበ ጠጠር ይዛችሁ ሂዱ። ማታ ሲመለስ ጉልበቱ ላይ ጭቃ ካያችሁ፣ በማግስቱ ገብታችሁ መምህርቷን አመስግኑ። እኔ ያቺን መምህርት ይቅርታ ልጠይቃት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ሥራውን ለቃለች አሉኝ።