ጭሱ ከየት ወገን ነው?

ለእረፍት አገር ቤት ገብቼ አክስቴ ቤት ነበር ያረፍኩት፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ ዳር። የካቲት ነው፣ መሬቱ ደርቋል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቡና እየተቆላ ሳለ ከቤቱ በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ጭስ ታየ። መጀመሪያ ከሰል የሚያከስል ሰው መሰለን። ነፋሱ ዞር ሲል ግን ቅርፊቱ ሲንጣጣ ሰማን።

"ኧረ እሳት! ኧረ ድረሱ!" ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጀሪካን የያዘ፣ አካፋ የያዘ፣ ግማሹ እርጥብ ቅርንጫፍ ዘንጥፎ የሚሮጥ። አንድ ሽማግሌ ጎረምሶቹን ከእሳቱ ፊት ራቅ አድርገው ደረቁን ቅጠል እስከ አፈሩ ድረስ አስጠረጓቸው። ሁለት ሜትር የሚሆን ባዶ መስመር ወጣ። እሳቱ እዚያ ሲደርስ የሚበላው አጣ።

እኔ ስልክ ደዋይ ሆንኩ። ያነሳው ሰው የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ "ጭሱ ከየት ወገን ነው?" የሚል ነበር። ከተማው ውስጥ ነው ወይስ ከወሰኑ ማዶ? እኔ ምን አውቄ! ማዶ ከሆነ በሌላ ቁጥር ደውል ተባልኩ፤ ያ ቁጥር አይነሳም። እሳቱን ያጠፋው ሰፈሩ ነው።

የምኖረው ስዊድን ነው። ያቺ ጥያቄ ያንገበገበችኝም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሐምሌ ላይ ስዊድን ያልለመደችው ሙቀትና ድርቅ መታትና ጫካው በየቦታው ተቀጣጠለ። 25 ሺህ ሄክታር ገደማ ነደደ። ያን የመሰለ ሀብታም አገር ውሃ ከሐይቅ እየጠለፈ የሚረጭ የራሱ አውሮፕላን አልነበረውም። ግን ለማን እንደሚጮህ ያውቅ ነበር። የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአደጋ ጊዜ የሚረዳዱበት አሠራር አላቸው፤ ብራሰልስ ሌሊትና ቀን የሚሠራ ማዕከል አለ። የተቸገረው አንዴ ይጠይቃል፣ ያለው ያለውን ይልካል። ከጣሊያንና ከፈረንሳይ አውሮፕላን መጣ፣ ከኖርዌይ ሄሊኮፕተር። ከፖላንድ ደግሞ ከ130 በላይ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በ44 መኪና ባሕሩን በመርከብ ተሻግረው ወደ ሰሜን ነጎዱ። ሕዝቡ መንገድ ዳር ወጥቶ ባንዲራ እያውለበለበ ተቀበላቸው። በቴሌቪዥን እያየሁ እንባዬ መጣ። ወጪውን ማን ይችላል፣ ማን ያዛል፣ ድንበር ላይ ምን ወረቀት ይጠየቃል የሚለው ሁሉ እሳቱ ሳይነሳ በፊት ያለቀ ነገር ነበር።

እኛስ? ረዳት የለንም አልልም። በ1992 ዓ.ም. ባሌና ቦረና ሲነድ ተማሪው ትምህርቱን ትቶ ዘምቷል፣ ከደቡብ አፍሪካና ከጀርመን ባለሙያዎች መጥተዋል። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ሲቃጠል ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር ደርሰውልናል። እግዜር ይስጣቸው። ግን ሁለቴም የደረሱት እሳቱ ከሰነበተ በኋላ ነው። ለእሳት ደግሞ አንድ ቀን ብዙ ነው።

ከጎረቤት ጋር ተዋውሎ አውሮፕላን መጋራት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አንበጣን አስቡት። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት የተቋቋመበት ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1962 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሱዳን፣ ጅቡቲና ሌሎቹም አባል ናቸው፤ መድኃኒት የሚረጩት አውሮፕላኖች የጋራ ናቸው። መዋጮ እየዘገየ ቢዳከምም ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አንበጣ በፓስፖርት አይሻገርም። የቦረና ደረቅ ሣር እሳት ቢይዘው ኬንያ ያለው ሣርስ ምን ልዩነት አለው? ታዲያ ለአንበጣ የፈረምነውን ለእሳት የማንፈርመው ለምንድን ነው? ደግሞ የእኛ ጫካ የሚነደው በበጋ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው። የአውሮፓዎቹ ዋና የእሳት ወቅት ሐምሌና ነሐሴ ነው። በብርዱ ወራታቸው የቆመ አውሮፕላን በኪራይም በስምምነትም ማምጣት ቀድሞ መነጋገር ብቻ ነው የሚፈልገው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከመጣ ጀምሮ አዲስ አበባን አሙቋል፣ አብስሏል፤ ቅጠሉ ግን ዘይት ያለው ነው፣ ክምሩ እንደ ቤንዚን ይነዳል። ፖርቱጋልም በባሕር ዛፍ የተሞላች አገር ናት፤ ገጠሯ ሰው እያጣ ጫካው ሳይጠረግ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2017 ፔድሮጋው ግራንዴ በሚባል ቦታ በተነሳ አንድ እሳት 66 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ በመኪና ሊያመልጡ ሲሉ መንገድ ላይ ነው የቀሩት። ከስፔን፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን አውሮፕላን መጥቷል፤ የደረሰው ግን ብዙዎቹ ከሞቱ በኋላ ነው። እንጦጦ ላይ ይህን ክምር የሚያነሱልን እነዚያ ቅጠል ጠርገው በጀርባቸው የሚያወርዱ እናቶች ናቸው። ጎንበስ ብለው ሲወርዱ ፊታቸው አይታይም፣ እግራቸው ብቻ ነው የሚታየው። ደን አጥፊ እየተባሉ ሲባረሩ ኖረዋል። እኔ ግን ደሞዝ የማይከፈላቸው የእሳት መከላከያ ሠራተኞች ናቸው እላለሁ። ያ ሽማግሌ ያስጠረጉትም እነሱ ያልደረሱበትን ቅጠል ነበር።

ማታ አክስቴ ቡናውን እንደገና አቀራረበች። ሲኒ አልበቃ ብሎ ከጎረቤት ተለመነ። ከወንዙ ማዶ የመጡ ልጆች ነበሩ፣ አንዱ የኮንጎ ጫማው ሶል ቀልጦ ተጣብቋል። ስልኬን አውጥቼ የጣሊያኖቹን አውሮፕላን ቪዲዮ አሳየሁት፤ ሐይቁን ታክኮ በ12 ሰከንድ 6 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ ጠልፎ ሲነሳ። ሦስቴ አስደገመኝ።

"ገፈርሳ ላይ መቅዳት ይችላል?" አለኝ።

ካርታ ከፍተን የግድቡን ርዝመት ስንለካ አመሸን።