ሌላ ፈንድ መፍትሔ አይደለም

በቅርቡ ያነበብኩት ጽሑፍ የሮቦቲክስ ትብብር ኔትወርኮች፣ ማለትም በሮቦት ሥራ ላይ አብረው የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲዎችና የፋብሪካዎች ኅብረቶች፣ የፕሮጀክት ገንዘባቸው ሲያልቅ እንዳይበተኑ ቶሎ ሌላ ለጋሽ ይፈልጉ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሌላ ፈንድ ችግሩን ለጥቂት ዓመታት ማስተላለፍ ነው።

ዊሎው ጋራዥን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው ይህ የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ2014 ተዘጋ። ያሳደገው ሮስ የተባለው የሮቦት ሶፍትዌር ግን ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራል። አንደኛ ኮዱ ክፍት ነበር፤ ማንም ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው ይችላል። ሁለተኛ፣ ለእኔ ዋናው ይሄ ነው፣ ሥራውን የሚያስቀጥል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ2012 ተቋቁሞ ነበር። ኩባንያው ገና ሳይዘጋ ማለት ነው። ብዙ ፕሮጀክቶች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። ስለ ዘላቂነት የሚያስቡት የመጨረሻውን ሪፖርት ሲጽፉ ነው፤ ያኔ ደግሞ ባለሙያው ሁሉ ሌላ ሥራ እያፈላለገ ነው።

ሮስን ለፋብሪካ ሥራ የሚያዳብረው የሮስ ኢንደስትሪያል ማኅበር አባላት ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላሉ። ጥሩ ነው፤ የሚከፍል ሰው ውጤት ይጠይቃላ! አነስተኛ ፋብሪካዎች ግን ክፍያው ሊከብዳቸው ይችላል። እነሱ በሥራ ቢከፍሉስ? ማሽናቸውን ለሙከራ ያውሱ፣ ያገኙትን ስህተት ይመዝግቡ፣ አዲስ ገቢዎችን ያሠልጥኑ።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው የጋራ ዕቃውን ነው። ለሙከራ የተገዛው የሮቦት ክንድ በማን ስም ተመዝግቧል? መለዋወጫውንና የሶፍትዌር ፈቃዱን ማን ያድሳል? ይህ በመጀመሪያው ውል ላይ ካልተጻፈ ሮቦቱ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፤ ሌሎቹ አባላት ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እንኳ አያውቁም።