ፍቅሩ አበቃ፤ ክርክሩ ግን ስለ ፊልሙ ይሁን

የተለያዩ ፍቅረኞች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በሰሞኑ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ላይ የሚሟገቱበት ፕሮግራም ይሠራ ሲባል፣ ደብረ ብርሃን ላይ መጀመሪያ የሚሰማው «ነውር ነው» የሚለው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ቪው ያመጣል» ነው። ሁለቱም መልሶች ስለ ፊልሙ አንዲት ቃል የላቸውም። እኔ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ የምደግፈው ግን የቆየ ቁስል ስለሚሸጥ አይደለም።

የድሮ ፍቅረኞች ለዚህ ሥራ የሚመቹት አንዱ የሌላውን ጣዕም ስለሚያውቅ ነው። እሱ ማጀቢያ ሙዚቃው ከፍ ሲል ልቡ የሚራራ መሆኑን እሷ ታውቃለች። እሷ መጨረሻው ካላማራት ከፊት ያየችውን ጥሩ ነገር ሁሉ የምትሰርዝ መሆኗን እሱ ያውቃል። ስለዚህ «ግሩም ድራማ ነው» ሲላት «ትወናው ነው ወይስ ክራሩ?» ብላ ደካማ ጎኑን ትነካዋለች። በዚያ ላይ ለቤት ሰላም ሲባል መሸነፍ ቀርቷል። ትዳር ላይ ያሉ ሰዎች ስለ ፊልም ሲከራከሩ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አንዱ ዝም ይላል፤ እነዚህ ዝም የሚሉበት ምክንያት የላቸውም።

ጥንድ ሆኖ ፊልም መገምገም አዲስ ነገር አይደለም። ጂን ሲስክልና ሮጀር ኢበርት እ.ኤ.አ. በ1975 ቺካጎ ላይ አብረው ሲጀምሩ የሁለት ተፎካካሪ ጋዜጦች ሐያሲያን ነበሩ። ሲስክል እስከሞተበት እስከ 1999 አብረው ዘለቁ፤ ያቆያቸውም በእያንዳንዱ ፊልም ላይ እውነተኛ ልዩነት መኖሩ ነው። አሜሪካውያኑ ዘፋኞች ሶኒ ቦኖና ሼር ደግሞ ባልና ሚስት ሳሉ ከ1971 እስከ 1974 ታዋቂ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነበራቸው። ከተፋቱ በኋላ በ1976 አንድ መድረክ ላይ ተመለሱ፤ ሼር በዚያን ጊዜ ሌላ አግብታ ነበር። ፕሮግራሙ በ1977 አበቃ። እኔ ሁለቱን ሳነጻጽር የሚታየኝ እንዲህ ነው፦ ሲስክልና ኢበርት በየሳምንቱ አዲስ ፊልም ስለሚመጣላቸው የሚናገሩት አያልቅባቸውም ነበር፤ ፍቺ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚነገር ዜና ነው።

በድሮው ሙግት ባለዕዳና ባለገንዘብ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። በአንድ ቻናል የታሰሩ የቀድሞ ፍቅረኞችም እንደዚያው ናቸውና ቋጠሮው ከመጠበቁ በፊት ማን መጀመር እንደሌለበት እንነጋገር። የንብረት ክፍፍል ወይም የልጅ ቀለብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ላይ ያለ ሰው አይጀምር፤ ካሜራ ፊት ያለው ቃል ነገ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል። ከተለያዩ አንድ ዓመት ያልሞላቸውም ይቆዩ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ የፈረሰ ከሆነ ነገሩ የሁለቱ ብቻ አይደለም፤ የእሱ አክስትና የእሷ እናት በአንድ ዕድር የሚገናኙባት ከተማ ውስጥ ሁለቱም ቤተሰብ ከመጀመሪያው ክፍል በፊት ይስማ። አዲስ ፍቅረኛ ወይም የትዳር ጓደኛ ያለው ደግሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ መጠየቅ ማለት ነግሮ መጨረስ አይደለም።

ዝግጅቱ ከማየት ይጀምራል። ፊልሙን ለየብቻ፣ ሁለት ጊዜ ይዩት። የመጀመሪያው ያለ ማስታወሻ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ቢያንስ 5 ትዕይንት ከነደቂቃውና ከነሰከንዱ ይመዝገብ። «ትወናው ደካማ ነው» ማስታወሻ አይባልም። «በ23ኛው ደቂቃ እናትየው መርዶ ስትሰማ ካሜራው ከፊቷ ይልቅ መጋረጃው ላይ ቆየ» ከተባለ ግን የሚያከራክር ነገር ተገኘ። እስኪቀረጽ ድረስ በቴክስትም ቢሆን ስለ ፊልሙ አይነጋገሩ፤ ቀድሞ የተነገረ ክርክር ካሜራ ፊት ሲደገም ትያትር ይሆናል። ተከታታይ ድራማ ከሆነ ሦስት ክፍል ሳያዩ ፍርድ አይስጡ። የሚገመገመውን አንድ ሳምንት እሷ፣ በሚቀጥለው እሱ ይምረጥ። አንዱ ብቻ ከመረጠ ሌላው ሁልጊዜ ተከላካይ ሆኖ ይቀርና ፕሮግራሙ ያዘነብላል።

የትርጉም ድራማ ላይ ብዙ ገምጋሚ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቃና እ.ኤ.አ. በ2016 ከተከፈተ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ የተላበሱ የቱርክ ድራማዎች ቤታችን ገብተዋል። አንድ ክፍል ቱርክ ውስጥ ሲተላለፍ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል፤ ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ግን ወደ 45 ደቂቃ ገደማ እየተቆረጠ ነው። ስለዚህ «ክፍሉ ያለ ወጉ ተቋረጠ» ብሎ ዳይሬክተሩን መውቀስ ያላጠፋውን መክሰስ ነው። የድምፅ ትርጉሙን ለመመዘን አንዱን ትዕይንት አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ፣ አንድ ጊዜ ዓይን ጨፍኖ መድገም ይበቃል። ድምፅ ሲጠፋ ትወናው ብቻውን ይቆማል፤ ዓይን ሲጨፈን አንድ ሰው ስንት ገጸ ባህሪ እንደተናገረ ይሰማል።

የሰሜን ሸዋ ጥንድ ከአዲስ አበባው የሚበልጥበት ቦታ ግን የአገር ቤት ድራማ ነው። «የገጠር ሰው» ሲባል የመንዙን፣ የጎጃሙንና የወሎውን አነጋገር ቀላቅሎ የሚናገር ገጸ ባህሪ ተለምዷል። መንዝ ያደገ ሰው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይይዛል፤ ይዞም የትኛው ቃል ከየት እንደመጣ ማሳየት ይችላል። ልብሱም እንዲሁ ነው። በርኖስ ለመንዝ ብርድ የተሠራ የሱፍ ካባ ነው፤ ከጣርማ በር ወርዶ ቆላው ሸዋ ሮቢት ውስጥ እኩለ ቀን ላይ በርኖስ ደርቦ የሚቀመጥ ገበሬ ካየን አልባሽዋ ካርታ አላየችም ማለት ነው። አገሩን ማወቅ በተቃራኒው ስህተት ያልሆነውን ስህተት ከማለትም ያድናል። ሰኔ ላይ ገብስ ሲታጨድ የሚያሳይ ትዕይንት ለከተሜ ገምጋሚ ስህተት ይመስለዋል። በመንዝና በአንኮበር ደጋ በበልግ የተዘራ ገብስ የሚሰበሰበው ግን ሰኔና ሐምሌ ነው። እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ ማን ማንን ተወ የሚለውን ማንም አያስታውሰውም።

አደጋው የፍቅር ፊልም ላይ ነው። «ጥላው መሄዷ ልክ ነበር?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ ሁለቱም የሚመልሱት ስለ ገጸ ባህሪዋ አይደለም። ፍቅር ፊልም አይታይ ማለት አይቻልም፤ ከአማርኛ ፊልም ላይ ፍቅር ከተነሳ ብዙ የሚቀር የለም። የሚያዋጣው አንድ ጥያቄ መልመድ ነው፦ «የትኛው ትዕይንት ላይ?» መልሱ ስክሪኑ ላይ ከሌለ ንግግሩ ከቀረጻው ይወጣል። ሦስት አነጋገሮች ደግሞ በወረቀት ተጽፈው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ፦ «ድሮም»፣ «እንደ ልማድህ»፣ «አንቺ እኮ ሁሌ»። እንዲህ ይጀምራል፦

«ወንድሙን ይቅር ማለቱ አላሳመነኝም።»
«ድሮም አንቺ ይቅርታ መች ያሳምንሻል።»

ከዚህ በኋላ ወንድምዬው ተረስቷል። ካሜራ የያዘው ሰው እጁን ያንሳ፤ ሁለት ደቂቃ ውሃ ይጠጣ፤ ከዚያ ከ«አላሳመነኝም» ይቀጠል።

አቀማመጡ ከሚታሰበው በላይ ይወስናል። ፊት ለፊት ከተቀመጡ ችሎት ይሆናል፤ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ከሆኑ ተመልካቹ ክርክሩን ትቶ የፍቅር ርዝራዥ ሲፈልግ ይውላል። የጠረጴዛ ማዕዘን ይዘው፣ እግራቸው ሳይነካካ ይቀመጡ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ስልክ፣ ሁለቱንም ለሚያሳየው ሦስተኛ ስልክ ይበቃል። ሦስቱም ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁኑ፤ ጥሪ ሲገባ ቀረጻ ሊቋረጥ ይችላል። ሲጀመር አንድ ጊዜ ጮክ ተብሎ ይጨብጨብ፤ ኤዲተሩ ሦስቱን ምስል ከድምፁ ጋር የሚያገጥመው በዚያ ነው።

ድምፅ ላይ ግን አይቆጠብ። ማይክ ለየብቻ፣ ትራክም (ድምፁ የሚቀረጽበት መስመር) ለየብቻ መሆን አለበት። የሚሟገቱ ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ ይናገራሉ፤ ሁለቱ ድምፅ አንድ ትራክ ላይ ከገባ ኤዲተር የሚለየው ነገር የለም። ዳይናሚክ የሚባለው የማይክ ዓይነት ኮንደንሰር ከሚባለው ይሻላል፤ የሩቁን የባጃጅና የውሻ ድምፅ ያን ያህል አይለቅምም። ከአፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ በሁለቱ ማይኮች መካከል ደግሞ ከዚህ ቢያንስ ሦስት እጥፍ፣ ቦታ ካለ አንድ ሜትር ይኑር። የድምፅ መለኪያው በተለመደ ንግግር ከ-12 ዴሲቤል ብዙ አይለፍ (ድምፅ የሚበላሸው 0 ላይ ሲደርስ ነው)፤ ሙግት ሲሞቅ ድምፅ እንደሚወጣ አይረሳ።

የሚቀረጽበት ክፍል ባዶ ግድግዳ ከሆነ ድምፁ ያስተጋባል። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናትና የስቱዲዮ ስፖንጅ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር መሄድ አያስፈልግም። አራት ወፍራም ብርድ ልብስ ይበቃል፤ የመንዝ ባና ከተገኘ ደግሞ እሰየው። ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይሰቀል፤ ከኋላው ያለው አየር ወፈር ያለውን ድምፅ ይበልጥ እንዲውጥ ያግዘዋል። መሬቱ ላይ ዝተት ወይም ምንጣፍ ይነጠፍ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ግን ብርድ ልብስ አያድንም። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ቀረጻ መያዝ ቀኑን ማቃጠል ነው፤ ጠዋት ይሻላል። እሑድ ጠዋት ግን የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ አለና ሌላ ቀን ይመረጥ።

አንድ ሰዓት ተቀርጾ 40 ደቂቃ ቢወጣ ጥሩ ነው። ኤዲተሩ የሁለቱም የቅርብ ጓደኛ ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ይሁን። ከመለቀቁ በፊት ለሁለቱም 24 ሰዓት ይሰጥ፤ ማንኛቸውም ምክንያት ሳይጠየቁ «ይህ ይውጣ» ማለት ይችሉ። የጠፋው 30 ሰከንድ ክርክሩን አይጎዳም፤ ያልጠፋው 30 ሰከንድ ግን ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ብቻውን ይዞራል። ከፊልሙ የሚወሰደውም ይጠር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ምንጭ ጠቅሶ በመጠኑ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ዩቲዩብ ግን በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ቅጣት ያገኘ ቻናልን ሊዘጋ ይችላል። ከቴሌግራም የወረደ ኮፒ አይቶ መገምገም ደግሞ ከሌብነቱም በላይ ሥራ ያበላሻል፤ በተጨመቀ ፋይል ላይ ስለ ቀለምና ስለ ብርሃን መፍረድ አይቻልም።

ፈተናው የሚመጣው የተጣሉበት ክፍል ከሌሎቹ ሲበልጥ ነው። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት እይታ ይጠይቃል። ባለ 40 ደቂቃ ክፍል 6,000 ጊዜ እስከ መጨረሻው ከታየ ሰዓቱ ሞላ ማለት ነው። ጠብ ለማየት የመጣ ሰው ግን ጠቡ ያለበትን ደቂቃ ፈልጎ ያያል፣ ይሄዳል። ቪው ይቆጠራል፤ ሰዓቱ ግን አይሞላም። ለስድብ ሲሉ የሚቆሙ ሰዎች በሒሳብም አያዋጡም።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ቻናሉ በአንድ ሰው ስልክና ኢሜይል ብቻ አይከፈት፤ ሁለቱም ባለቤት ሆነው የሚገቡበት ብራንድ አካውንት ይሁን። ገቢ እንዴት እንደሚካፈል፣ ኤዲተሩ ከየትኛው ድርሻ እንደሚከፈለው፣ ማይኮቹ የማን እንደሆኑ ይጻፍ። አንዱ ሲያገባ ወይም ሲበቃው ያሉት ክፍሎች እንዳሉ ይቆያሉ ወይስ ይነሳሉ የሚለውም አሁን ይወሰን። እኔ እንዲቆዩ እመርጣለሁ፤ ስለ ፊልሙ ብቻ የተናገሩ ከሆነ የሚያሳፍር ነገር አይኖርባቸውም። ሰርግ ከተቆረጠ በኋላ ይህን ለመደራደር መቀመጥ ግን ሌላ ሽማግሌ ያስጠራል።